ባለቤት በራቀ ጊዜ ቤትን ስለ መጠበቅ፤ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል የሕይወት ታሪክ

ቅዱስ ዳዊት በስደቱ ወራት ሰዎቹን ሁሉ ይዞ ከሰቅላግ ወጥቶ ሳለ፥ ጠባቂ ባጣችው በዚያች ከተማ አማሌቃውያን ገብተው በእሳት አቃጠሏት፤ ሴቶችንና ልጆችንም ማርከው ሄዱ። ዳዊትና ሰዎቹ ተመልሰው ባዩት ጊዜ ለልቅሶ እንኳ ኃይል እስኪያጡ ድረስ አለቀሱ። ከዚያም ጠላቶቻቸውን ለመከተል ሲወጡ፥ ከስድስቱ መቶ ሰዎች ሁለቱ መቶ ደክመው በወንዝ ዳር ከጓዙ ጋር ቀሩ። ድል ተደርጎ ምርኮው ሁሉ በተመለሰ ጊዜ የተዋጉት ሰዎች ላልተዋጉት ማካፈልን ጠሉ። ዳዊት ግን ለሁለቱም ወገን እኩል ድርሻ እንዲደርሳቸው ፈረደ፤ ፍርዱም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእስራኤል ዘንድ ሥርዐት ሆኖ ጸና።

ይህን ታሪክ በመጀመሪያ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤቱ የሚሄድ አለ፥ የሚቀርም አለ። ሰው የሚያመሰግነው ግን የሄደውን ነው። የዘመተው ይፎከርለታል፤ የነገደው ትርፉ ይነገርለታል፤ ቤቱን ዘግቶ፥ እሳቱን አዳፍኖ፥ ልጆቹን አብልቶ፥ የሄደውን ሲጠብቅ የከረመው ግን እንደ ሥራ ፈት ይቈጠራል። ሰቅላግ የተቃጠለችው ጠባቂ በማጣቷ መሆኑን፥ ዳዊትም ከጓዝ ጋር ለቀሩት እኩል መፍረዱን ብናስተውል ግን፥ ቤትን መጠበቅ ራሱ ዘመቻ እንደ ሆነ እንረዳለን። ለዚህም ምሳሌ ይሆኑን ዘንድ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሕይወት መርጠናል። እቴጌይቱ በዐድዋ ዘመቻ ስማቸው የገነነ ቢሆንም፥ እኛ በተለይ የምንመለከተው የቤት አያያዛቸውን ነው።

እቴጌ ጣይቱ በሀገራችን አቈጣጠር በ1840ዎቹ ዓመታት ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፥ የስሜንና የትግራይ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ነበሩ። በኋላ የየጁ ገዢ የሆኑት ራስ ወሌ ወንድማቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ፊደል ማስቈጠር እምብዛም ያልተለመደ ሆኖ ሳለ፥ እርሳቸው ማንበብና መጻፍ ተምረው ነበር፤ ግእዝንም ያውቁ፥ በገናም ይደረድሩ ነበር። ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው አስቀድሞ በሌላ ትዳር አልፈዋል፤ ስለዚህ የትዳርን ፈተና፥ የመለያየትንም ሐዘን በወሬ ሳይሆን በኑሮ ያወቁ ሴት ነበሩ።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጣይቱን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል፥ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፥ ሥጋውንና ደሙን በመቀበል ነው። በቁርባን የጸና ጋብቻ በሞት ካልሆነ በቀር እንደማይፈታ ለካህናት አንባብያን መንገር አያስፈልገንም። በዚያ ዘመን ብዙ መኳንንት በሰማንያና በሌላም ልማድ እየተጋቡ በቍርባን ከመታሰር ይሸሹ ነበርና፥ ይህ የሁለቱ ውሳኔ ታላቅ ነገር ነበር።

ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበረ የሚታወቀው ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ስናስታውስ ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ በተመለሱ ጊዜ፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የነበረችው ሚስታቸው ወይዘሮ አልጣሽ በአባቷ ዘንድ ቀርታለች፤ ያም ጋብቻ በዚያው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ባፈና የንጉሡ ባለቤት ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ። በ1869 ዓ.ም. ንጉሡ ከሸዋ ርቀው በዘመቻ ላይ ሳሉ፥ ቤት የቀሩት ወይዘሮ ባፈና ሥልጣናቸውን ሊወስዱ ከሚሹ ሰዎች ጋር እንደ ተማከሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። እንግዲህ ንጉሥ ምኒልክ ሚስት ትተው የሸሹ፥ በቀረችውም ሚስት የተጎዱ ሰው ነበሩ። ቤቱን ትቶ በሄደበት አንድ ጊዜ የቆሰለ ሰው፥ ሁለተኛ ጊዜ ቍልፉን ለሌላ ሰጥቶ ለመውጣት ምን ያህል ይከብደው ይሆን!

ጣይቱ በዚህ ቤት ውስጥ በገቡ ጊዜ የጠበቃቸው ሥራ ቀላል አልነበረም። የያኔው የንጉሥ ግቢ እንደ ዛሬ ቤት አይደለም፤ ከእልፍኙና ከአዳራሹ በቀር እንጀራ ቤቱ፥ ወጥ ቤቱ፥ ጠጅ ቤቱ፥ ሥጋ ቤቱ፥ ዕቃ ቤቱ፥ ጎተራው፥ ፈረስ ቤቱም ሁሉ በእርሱ ውስጥ ነበረ። ፈጪዋ፥ ጋጋሪዋ፥ ወጥ ሠሪዋ፥ ጠጅ ጣይዋ፥ ውኃ ቀጂዋ፥ እንጨት ሰባሪው፥ አጋፋሪው በየክፍሉ አለቃ ነበረበት። ከየአገሩ የሚገባው ማርና እህል፥ ቅቤና ሙክት ተሰፍሮና ተቈጥሮ መቀመጥ ነበረበት። ንጉሡ ግብር በሚያበሉበት ቀን የሚመገበው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ዘመቻ በሚነሣበት ጊዜ ደግሞ በሶው፥ ጭኮው፥ ድርቆሹ፥ ቋንጣው፥ ድልሁ ከዚሁ ቤት ተሰንቆ ይወጣል። ሠራዊት የሚራመደው በሴቶች ወፍጮ ላይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ንጉሡ ሲዘምቱ ይህ ሁሉ ሥራ አይቆምም፤ እንዲያውም ይበዛል። የቀረው አገልጋይ ይበላል፤ የዘማች ቤተ ሰብ እየመጣ ይጠይቃል፤ ድኻው በደጅ ይቆማል፤ ካህኑ ለቅዳሴ የሚሆነውን ይሻል፤ ባለ ጉዳዩ ፍርድ ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ ጌታው በሌለበት ጊዜ የተኛው ዐመፅ ይነቃል፥ የሌባ እጅ ይዘረጋል፥ ሐሜተኛም ወሬ ያመላልሳል። ቤት የሚጠብቅ ሰው እነዚህን ሁሉ ያለ ሰይፍ መዋጋት አለበት።

በ1879 ዓ.ም. የሆነውን አሁን እንመልከት። በዚያን ጊዜ የንጉሡ መቀመጫ የእንጦጦ ተራራ ነበር። ተራራው ለጠላት የማይመች ምሽግ ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የጸና፥ እንጨቱም እየራቀ የሄደ ሥፍራ ነበር። ከተራራው በታች ግን የቱለማ ኦሮሞ ፊንፊኔ የሚሉት፥ ፍል ውኃ የሚፈልቅበት ሞቃት ሜዳ አለ፤ ቤተ መንግሥቱም ለመታጠብና ለመታከም ወደዚያ ይወርድ ነበር። እንደሚተረከው ጣይቱ በዚህ ሜዳ ሳሉ የአበባውን ውበት አይተው ስፍራውን ወደዱት፤ በንጉሡም ፈቃድ ቤት ማሠራት ጀመሩ። የአዲስ አበባ ከተማ መቈርቈሪያ ሆኖ የሚታሰበው ቀን ኅዳር 14 ቀን 1879 ዓ.ም. ነው። ንጉሡም በዚያው ሰሞን ሠራዊታቸውን አስከትተው ወደ ሐረር ዘመቱ።

ካህናት ይህን ቀን ሲሰሙ አንድ ነገር ያስተውላሉ፤ በማግሥቱ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም የሚገባበት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስቱ የተለያዩት በጾም መግቢያ ነበር። ያ ቤት የተሠራው ባለቤቱ በሌለበት፥ በጾምና በጸሎት ወራት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ንጉሡ እስኪመለሱ ድረስ ሁሉ ነገር ይቆይ ብሎ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠ ነበር፤ ወይም እንደ ቀድሞው ዘመን ባዶውን ዙፋን እየተመለከተ ከሌሎች ጋር በተማከረ ነበር። ጣይቱ ግን ምሰሶ አስተከሉ። ቀርቶ መጠበቅና ቀርቶ መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ እናያለን።

ንጉሡ ወደ ሐረር አቅንተው በጨለንቆ ከአሚር አብዱላሂ ጦር ጋር የተዋጉት በልደት በዓል ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ስልክም ቴሌግራፍም በአገራችን ገና አልገባም። ወሬ የሚመጣው በመልእክተኛ እግርና በበቅሎ ስለ ሆነ፥ ከጨለንቆ እስከ እንጦጦ ብዙ ቀን ይፈጃል። እንግዲህ በጨለንቆ ሰው ሲወድቅና ሲያሸንፍ፥ በሸዋ የቀሩት ቤተ ሰቦች የማንኛቸው አባት፥ የማንኛቸው ባል በሕይወት እንዳለ ሳያውቁ የልደትን ማኅሌት ቆሙ። የንጉሡ ሚስትና የተራው ወታደር ሚስት በዚህ ቀን እኩል ነበሩ፤ አንዲቱም ከሌላይቱ አስቀድማ የምታውቀው ነገር አልነበረም። በዓል ሳይጎድል፥ ልቡና በፍርሃት ተይዞ እግዚአብሔርን ማመስገን ቤት የቀረ ሰው የሚከፍለው ግብር ነው።

ንጉሡ ሐረርን ይዘው፥ ደጃዝማች መኰንንን በዚያ ሾመው፥ በዚያው ዓመት በደኅና ተመለሱ። ሲመለሱ ያገኙት የተዘረፈ ዕቃ ቤት፥ የተከፋፈለ ግቢም አይደለም፤ በፍል ውኃው አጠገብ አዲስ ቤት ነበር። ስሙንም ጣይቱ አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ እየተመሩ ሰፈር ሠሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመንግሥቱ መቀመጫ ከተራራው ወረደ። ሰቅላግ ጌቶቿ በሌሉበት ተቃጠለች፤ አዲስ አበባ ግን ንጉሡ በሌሉበት በቀለች። የሁለቱ ልዩነት ቤት ጠባቂ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፥ በሁለተኛው ቀን ጣይቱም የእቴጌነትን ዘውድ ደፉ። ከዚያም ክፉ ቀን የተባለው የረኃብ ዘመን አለፈ፤ የውጫሌ ውል ጠብም መጣ። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻ በተነሣ ጊዜ እቴጌይቱ አልቀሩም፤ 5 ሺህ ያህል ጦር አስከትተው ከባላቸው ጋር ዘመቱ። በመቀሌ የኢጣልያ ምሽግ በተከበበ ጊዜ ውኃው እንዲያዝ ያደረጉ፥ በዐድዋም ቀን ከሴቶች ጋር ሆነው ለተጠማው ውኃ ያደረሱ፥ ለቆሰለው ያዘኑ፥ ወደ እግዚአብሔርም የጮኹ እርሳቸው ናቸው። ይህ ከቀድሞው ነገር ጋር አይጣላም። ቤት መጠበቅ በጎጆ ውስጥ መታሰር ማለት አይደለምና፥ ቤቱ የሚድነው በመሄድ በሆነበት ጊዜ መሄድ ራሱ ጥበቃ ነው።

ሆኖም ያን ጊዜም ቢሆን ቤቱ ባዶውን አልቀረም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በሌሉበት፥ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን እየጠበቁ በአዲስ አበባ ቀርተው ነበር። ስለ ዐድዋ ብዙ ይነገራል፤ ስለ እኚህ ሽማግሌ ጥበቃ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። በዳዊት ፍርድ ግን ድርሻቸው አይቀነስም።

ይህ ነገር ለኛ ለኢሉባቦር ምእመናን ሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የኢሉባቦር ገዢ የነበሩት ተሰማ ናደው፥ በኋላም ራስ ቢትወደድ የተባሉት፥ በጎሬ ተቀምጠው ሳለ በ1890 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ተቀብለው ወደ ነጭ ዐባይ ዘመቱ። ከጦራቸው የተላከው ክፍል በሰኔ ወር የሶባት ወንዝ ከነጭ ዐባይ ጋር ወደሚገናኝበት ስፍራ ደረሰ። ነገር ግን የደጋው ሰው ወደ ቆላው በወረደ ጊዜ ከጠላት ይልቅ ንዳድ ፈጀው፤ ስንቅም አነሰው። ጎሬን በመሰለ ዝናምና ጫካ በበዛበት ደጋ የቀሩት ቤቶች ያን ክረምት ምን ብለው እንደ ከረሙ መገመት አያቅትም። ከወረዱት ውስጥ ብዙዎች ስላልተመለሱ፥ ጊዜያዊ መስሎ የተጀመረው ጥበቃ ለብዙዋ ሴት የዕድሜ ልክ ሆነ። የዘመቻው አለቃ ስም በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የእነዚያ ሴቶች ስም የተጻፈው ግን በሕይወት መጽሐፍ ነው።

የእኚሁ የጎሬው ገዢ ስም ከእቴጌ ጣይቱ ታሪክ ጋር ዳግመኛ ይገናኛል። ዐፄ ምኒልክ ከ1898 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሕመም ተያዙ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያም ሕመሙ ጸንቶ አንደበታቸውን ያዘው። ከዚያም አስቀድሞ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ፥ ራስ ቢትወደድ ተሰማን ሞግዚት አድርገው ነበር። አሁን እቴጌይቱ ከፊተኛው የከፋ መለየት ገጠማቸው፤ ባላቸው ወደ ሐረር እንደ ሄዱበት ዘመን የሚመለሱበትን ቀን የሚቈጥሩለት አልነበረም። ንጉሡ በአካል በእልፍኙ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን አይናገሩም፥ አያዙም። ከሩቅ አገር የሄደ ባል መልእክት ይልካል፤ በአልጋ ላይ የቀረው ግን መልእክት እንኳ የለውም።

እቴጌይቱም እንደ ልማዳቸው የባላቸውን ሥራ በእጃቸው ያዙ። ይሾሙ፥ ይሽሩ፥ ያዙም ጀመር። መኳንንቱ ግን ይህን አልወደዱም፤ በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. በራስ ቢትወደድ ተሰማ መሪነት ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡ፥ የታመሙትንም ባላቸውን እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። በዚህ ነገር ሊቃውንት ሁለት ዐይነት ያስባሉ። አንዳንዱ እቴጌይቱ ለዘመዶቻቸው አድልተው የሚስትን ወሰን አለፉ ይላል፤ አንዳንዱም ሴት በመሆናቸው ተገፉ ይላል። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ የንጉሥ ቤትና መንግሥት አንድ በሆኑበት በዚያ ዘመን የሚስትነት ጥበቃ የት እንደሚያልቅ፥ የሹመት ሥራም የት እንደሚጀምር ለይቶ ማወቅ ለማንም ቢሆን ከባድ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ያስመሰገናቸው ሥራ በ1902 ዓ.ም. አስከሰሳቸው። የቀረ ሰው መጋቢ እንጂ ባለ ርስት አይደለምና፥ መጋቢነቱ ተወሰደ በተባለ ጊዜ ዕቃውን ማስረከብ ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ነው።

በዚህ ፈተና ግን አንድ ነገር አልተወሰደባቸውም፤ እርሱም የበሽተኛው አልጋ ነው። ሹመት ቀርቶ ማስታመም በቀረ ጊዜ፥ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም የተቀበሉት ቍርባን የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ራሳቸው በ1903 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዐፄ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ በኋላ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀመጡ። በኢየሩሳሌም ላሉት ኢትዮጵያውያን ገዳማውያን መርጃ የሚሆን ቤት ያሠሩ፥ ከተማ የቈረቈሩ፥ ሺሆችን ያበሉ እመቤት በመጨረሻ በዚያ ብርዳም ተራራ ላይ ሆነው፥ ባላቸው በሐረር መንገድ ሳሉ የሠሩት ቤት ከተማ ሆኖ ከበታቻቸው ተዘርግቶ ያዩ ነበር። በየካቲት ወር 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ዐጽማቸው በአዲስ አበባ በበአታ ለማርያም ገዳም ከባላቸው ጎን አርፏል፤ ሞት የለየውን መቃብር አገናኘው።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ ይህን ታሪክ ለቤታችን እንዴት እናውለው? ዛሬ ጋሻና ጦር ይዞ ሐረር የሚወርድ የለም፤ ነገር ግን በኡካ፥ በመቱ፥ በጎሬም ያለውን ቤት ሁሉ ብንቈጥር፥ ባል ወይም ሚስት ርቆ የሚገኝበት ጥቂት አይደለም። አንዱ ቡና ይዞ ለንግድ ይሄዳል፤ አንዱ በመንግሥት ሥራ ወደ ሌላ አውራጃ ይዛወራል፤ አንዱ በውትድርና ይሰማራል፤ አንዲቱም ልጆቿን ለእናቷ ትታ ወደ ዐረብ አገር ትሻገራለች። ዛሬ ስልክ ስላለ ወሬ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሐሜትም እንደዚያው ፈጥኖ ይደርሳል።

ስለዚህ የሚሄደው ወገን ሦስት ነገር ይገባዋል። ከመሄዱ በፊት ስለ መሄዱ ከባለ ቤቱ ጋር ይማከር፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ሲለያዩ በስምምነትና ለጊዜው ብቻ እንዲሆን አስተምሯልና። ደግሞ የቤቱን ቀለብ ሳያስተካክል አይውጣ፤ ቀርቶ መራብ ዘምቶ ከመራብ ይከፋል። በመጨረሻም ሲመለስ፥ ከሄደበት ያመጣውን እንደ ብቸኛ ትርፉ አይቍጠረው፤ ግማሹ የተገኘው በቀረው ድካም ነውና።

የሚቀረውም ወገን ቤቱን እንደ አደራ ይያዝ። የገባውንና የወጣውን ይቍጠር፤ ጾሙንና በዓሉን አያጓድል፤ ልጆቹን ከቤተ ክርስቲያን አያርቅ፤ የሌለውን ሰው ስም በልጆቹ ፊት በክፉ አያንሣ። መጠበቅ ብቻም አይበቃም፤ አቅም እንደ ፈቀደ የጎደለውን አጥር ይጠር፥ የሚተከለውን ይትከል፤ የሄደው ሲመለስ የሚያየው አዲስ ነገር ይኑር።

እኛ ካህናት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ኃላፊነት አለብን። የንስሐ አባት በአጥቢያው ውስጥ ባለቤቱ የራቀበትን ቤት ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ቤት አዘውትሮ ይጎብኝ፤ የሐሜተኛውን አፍ ይዝጋ፤ ችግር ካለ ለማኅበሩና ለሰበካው ያስታውቅ። በቅዳሴ ጊዜ መንገደኞች በሚታሰቡበት ጸሎት ውስጥ በቤት የቀሩትን በልቡናው አብሮ ያስባቸው። ሰቅላግ እንዳትቃጠል የሚጠብቃት አንዱ ካህኑ ነውና።

የሄዱትን በሰላም የሚመልስ፥ የቀሩትን በትዕግሥት የሚያጸና፥ ለሁለቱም ወገን ድርሻቸውን ሳያጓድል የሚሰጥ አምላካችን እግዚአብሔር ቤታችንን ሁሉ ይጠብቅልን። አሜን።